ባሕር የለንም፤ ጨፋ ግን አለን

የእህቴ ልጅ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ተወልዶ ያደገው አዲስ አበባ ነው። ጥር መጨረሻ ላይ በመንፈቀ ዓመቱ እረፍት ከሚሴ እኛ ዘንድ መጥቶ ነበር። አንድ ማታ ቡና እየተጠጣ እሱ ስልኩ ላይ እንደተደፋ ቀረ። ምን እያየ ነው ብዬ ጠጋ ስል የጋላፓጎስ ደሴቶች ፊልም ነው። ከደቡብ አሜሪካ ጠረፍ ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር ርቀው ውቅያኖስ መሀል የተቀመጡ፣ ከሰው የሚከብዱ ኤሊዎችና እግራቸው ሰማያዊ የሆኑ ወፎች ከሰው ሳይሸሹ የሚኖሩባቸው ደሴቶች ናቸው። ልጁ ቀና አለና «አጎቴ፣ እኛ አገር እንዲህ ቁጭ ተብሎ እንስሳ የሚታይበት ቦታ የለም?» ሲል ጠየቀኝ።

እኔም ሳላስብ «እኛ ባሕር የለን፣ ደሴቱ ከየት ይመጣል?» ብዬ መለስኩለት። ኤርትራ ነጻ አገር ከሆነችበት ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ዳህላክም ቀይ ባሕርም ለእኛ የካርታ ትዝታ ሆነዋል። ወሬው እዚያው ላይ አለቀ።

መኝታዬ ላይ ጋደም ስል ግን የሰጠሁት መልስ ቆረቆረኝ። ልጁ መች ስለ ባሕር ጠየቀኝ? እንስሳ የሚታይበት ቦታ ነው የጠየቀኝ። ከቤቴ በባጃጅ ትንሽ ሄድ ብሎ ጨፋ ተዘርግቶ አለ። ይህን ያህል ዓመት ከሚሴ ስኖር ጨፋን በመኪና መስኮት ከማየት በቀር አንድም ቀን «ልየው» ብዬ ሄጄ አላውቅም። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይሉ የለ? እኔም ያው ነኝ።

በማግሥቱ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ቀሰቀስኩት። ከአንድ ወዳጄ አሮጌ ባይኖኩላር ተውሼ፣ ልጁ ደብተርና እርሳስ ይዞ፣ ባጃጅ ተኮናትረን ወጣን። ወደ ኮምቦልቻ በሚወስደው አስፋልት ጥቂት ሄደን ወረድንና በእግራችን ወደ መስኩ ገባ አልን። ጉም ገና ከሣሩ ላይ አልተነሣም ነበር። መጀመሪያ የሰማነው ድምፅ ነው፤ ውሃ ውስጥ የሚርመሰመስ፣ የሚንጫጫ፣ ክንፉን የሚያራግፍ ነገር። ጉሙ ሲገፈፍ ያየነውን ልጁ እስከ ዛሬ እያወራው ነው።

ከብቶቹ ጀርባ ላይ ሳቢሳዎች ተሰልፈዋል። ከእነሱ አለፍ ብሎ ነጭ ላባ፣ ጥቁር ራስና አንገት፣ እንደ ማጭድ የጎበጠ ምንቃር ያላቸው ወፎች ጭቃውን እየወጉ ይለቅማሉ። ጥንታውያን ግብፃውያን እንደ ቅዱስ ያዩት የነበረው አይቢስ ይህ ነው። ውሃው ላይ በተንሳፈፈ ቅጠል ላይ ረጃጅም ጣቶቿን ዘርግታ ሳትሰምጥ የምትራመድ ቡናማ ወፍ አለች። ሌላዋ ጥቁርና ነጭ ሆና አየር ላይ ባለችበት ክንፏን እያርገበገበች ቆይታ ድንገት እንደ ድንጋይ ወደ ውሃው ትወረወራለች፤ ስትወጣ ምንቃሯ ላይ ዓሣ አለ። ዝዮች፣ ዳክዬዎች፣ ሽመላዎች… ልጁ ደብተሩ ላይ ሃያ ሦስት ዓይነት ጻፈ። ስማቸውን ስለማናውቅ አብዛኛው «ቀይ እግር»፣ «ባለ ቆብ»፣ «ጯሂው» እያለ ነው የጻፈው። እኔ የማውቀው ስም ከስምንት አልዘለለም። የአካባቢው ተወላጅ ነኝ ባዩ አጎት ማለት ይህ ነው።

ጨፋን ለማታውቁት ላስተዋውቃችሁ። ቦርከና ከደሴ በላይ ካለው ደጋ ይነሣና በደሴና በኮምቦልቻ አድርጎ ወደ ቆላው ይወርዳል። በከሚሴ አካባቢ መሬቱ ሜዳ ስለሆነ ወንዙ ፍጥነቱን ያጣል፤ ይተኛል፤ ይንጣለላል። ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለው ይህ ሰፊ ረግረግ ነው ጨፋ። ከዚያ ወንዙ ጉዞውን ይቀጥልና ከአዋሽ ጋር ይገናኛል። ስሙም ራሱ ይናገራል፤ በኦሮምኛ ጨፌ ማለት ውሃ የማይለየው ለምለም መስክ ነው። በገዳ ሥርዓት ሕዝቡ ተሰብስቦ የሚመክረው እንዲህ ባለው መስክ ላይ ስለነበር ሸንጎውም ጨፌ ተብሎ ቀርቷል። እንግዲህ የእኛው ቦታ ስሙ ውሃም ነው፣ ምክክርም ነው። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ወፎቹ ለምን እዚህ ይመጣሉ? አገራችን ከአውሮፓና ከእስያ ክረምት ሸሽተው ወደ አፍሪካ የሚወርዱ ወፎች ዋና ጎዳና ላይ ናት። በስምጥ ሸለቆና በቀይ ባሕር መስመር ብቻ 37 ዓይነት፣ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ የሆኑ እንደ ንስርና ሽመላ ያሉ ትላልቅ ወፎች በየዓመቱ ሽቅብና ቁልቁል ይጓዛሉ። ክንፋቸውን ዘርግተው በሞቃት አየር ላይ እየተንሳፈፉ ስለሚሄዱ ሰፊ ባሕር መሻገር አይሆንላቸውም፤ የብስ ተከትለው ይመጣሉ። መንገደኛ ደግሞ ማረፊያ፣ ውሃና ምግብ ይፈልጋል። የአፋርን በረሃ ጨርሶ ወይም ሊጀምር ለተቃረበ ወፍ ጨፋ ማለት ለሹፌር ከሚሴ ማለት ነው፤ ምሳ የሚበላበት ነው።

ማየት ለምትፈልጉ ነገሩ ቀላል ነው። ከአዲስ አበባ ከሚሴ ወደ 325 ኪሎ ሜትር ነው፤ አስፋልቱ ጨፋን ታክኮ ስለሚያልፍ ልዩ መኪና አያስፈልግም። ከከሚሴ ወደ ኮምቦልቻ ስትሄዱ መስኩ በስተቀኛችሁ ነው። ጥሩው ወራት ከጥቅምት እስከ የካቲት ነው፤ የአገሬው ወፍም እንግዳውም አንድ ላይ ይገኛሉ። ጥሩው ሰዓት ማለዳ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ፀሐይዋ ግን ከፊት ለፊታችሁ ስለምትወጣ ዓይን ትወጋለች። ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ስትሄዱ ብርሃኑ ከጀርባ ይሆንና ቀለማቸው ወለል ብሎ ይታያል። ደማቅ ልብስ አትልበሱ። ሲበሩ ለማየት ብላችሁ ድንጋይ አትወርውሩ፤ ወፏ በተነሣች ቁጥር ለሺህ ኪሎ ሜትር ጉዞ ያጠራቀመችውን ስብ ነው የምታቃጥለው። እረኛ ስታገኙ ደግሞ መጀመሪያ ሰላምታ፣ ቀጥሎ ፈቃድ፤ ግጦሹ ባለቤት አለው። ወደ ግራር ጫካው ጠጋ ካላችሁ ጦጣና ጅግራ አታጡም፤ እድል ከቀናችሁ ደግሞ ከርከሮ ልጆቿን አሰልፋ ስትሮጥ ታያላችሁ።

እኛም እንዲህ ስናይ አንድ ሽማግሌ ከብቶቻቸውን እየነዱ ወደኛ መጡ። ሰላምታ ተለዋወጥን። ደብተሩን አዩና ልጁን ፈገግ ብለው «ወፉን ልትቆጥሩ ነው የመጣችሁት?» አሉት። ልጁ አዎ አለ። «አጃኢብ ነው! እሰይ ቁጠሩ። ውሃውንስ ማን ይቁጠርልን?» አሉ ወደ እኔ ዞረው።

እኔም «እንዴት አባቴ?» አልኳቸው። ከዘራቸውን ወደ አንድ የታረሰ ማሳ ቀሰሩ። «እኔ ልጅ ሆኜ እዚያ ድረስ ቄጠማ ነበር። ከብት ገብቶ ቀንዱ ብቻ ነበር የሚታየው። አሁን ሽንኩርት ነው። ወዲያ ደግሞ ፓምፑ ሲያንኳኳ ያድራል። የቀረው ውሃ ደግሞ አንዳንዴ ይሸታል፤ ከብቱ አሽትቶ ይመለሳል» አሉኝ። ክረምት ላይ ግን አሁንም ቦርከና ሞልቶ ሜዳው ሲጥለቀለቅ አንዳንዱ ጉብታ በውሃ ተከቦ እንደሚቀር ነገሩን። የእህቴ ልጅ ይህን ሲሰማ ዘለለ፤ «አጎቴ፣ ደሴት አለን ማለት ነው!» አለ። ሽማግሌው ሳቁ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም፤ የውሃው ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎ ነበር።

ጨፋ የወፍ ብቻ አይደለም። በበጋ አፋሩ ከምሥራቅ፣ የአካባቢው ኦሮሞና አማራ ከየቀበሌው ከብቱን ይዞ የሚወርደው ወደዚሁ ነው። በ1994 ዓ.ም. ክረምት፣ አፋርን ድርቅ በመታው ጊዜ፣ የተባበሩት መንግሥታት ባለሙያዎች ጨፋን ለ50 ሺህ አርብቶ አደሮችና ለ200 ሺህ ከብቶች መሸሸጊያ የሆነ ሸለቆ ብለው መዝግበውታል። ልብ በሉ፣ 200 ሺህ ከብት! እንግዲህ ወፏን የሚጠራት ውሃና ግመሉን የሚያተርፈው ውሃ አንድ ነው። ከብቱ ሲረግጥ ነፍሳቱ ይነሣሉ፤ ሳቢሳ ነፍሳቱን ትለቅማለች። ማን ማንን እንደሚመግብ ለመለየት ያስቸግራል።

ውሃውን የሚያጠፋው ምንድን ነው? አንድ ጠላት ቢኖር ቀላል ነበር። የሚያርሰው ሰው ልጆች አሉት፤ መሬት ጠቦበታል፤ ሽንኩርት ገንዘብ ያመጣል። ከላይ ደግሞ ሁለት ትልልቅ ከተሞች ቆሻሻቸውን ወደ ቦርከና ይለቃሉ። ኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ፣ የቆዳ፣ የቢራና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች ከተማ ናት፤ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቆላታል። ፋብሪካ ይብዛልን፤ ልጆቻችን የሚሠሩበት ነው። ነገር ግን በፋብሪካዎቹ ሥር አልፈው ቦርከናን የሚቀላቀሉት ጅረቶች ላይ የተካሄዱ ጥናቶች እንደ ክሮሚየም ያሉ ከባድ ብረቶችን አግኝተዋል። ጨፋ ከታች ነው፤ የላይኛው ያጠበበትን የታችኛው ይጠጣዋል። በዚህ ላይ ቅንጬ አረም ዳር ዳሩን ይዞ ግጦሹን ይበላል።

ይህን ስጽፍ አንዳንዶቻችሁ ምን እንደምትሉኝ አውቃለሁ። «ሰው በኑሮ ውድነት እየተቃጠለ አንተ ስለ ወፍ ታወራለህ?» ትሉኛላችሁ። ሽማግሌው ግን መልሱን ሰጥተውልኛል። እኔ የማወራው ስለ ውሃ ነው። ወፍ ውሃው ደህና መሆኑን የምትነግር፣ ደመወዝ የማትጠይቅ ተቆጣጣሪ ናት። ዓሣ በሊታዋ ወፍ ከጠፋች ዓሣው ጠፍቷል፤ ዓሣው ከጠፋ ውሃው ታሟል፤ ውሃው ከታመመ የከብቱ ወተት ወዴት ሊያመልጥ ነው?

ሁለተኛው ጥያቄ ከዚህ ይከብዳል። «ማን ሊመጣ? መንገዱ መች ታምኖ?» የሚለው ነው። እውነት ነው። በ2013 ዓ.ም. አጣዬንና ዞናችንን ያቃጠለውን ግጭት፣ በ2014 መጀመሪያ ከሚሴ ድረስ የመጣውን ጦርነት ያልቀመሰ ቤት እዚህ ብዙ የለም። የውጭ ጎብኚ ነገ ጠዋት ካሜራ አንግቶ ይመጣል ብዬ አልዋሽም። ሰላሙን ሳያረጋግጥ የሚነሣ መንገደኛም አይኑር። እኔ ግን የምለምነው የውጭ ጎብኚን አይደለም፤ የከሚሴን፣ የባቲን፣ የሐርቡን፣ የኮምቦልቻን ሰው ነው። ጋላፓጎስ ለመግባት ብቻ አብዛኛው የውጭ አገር ሰው 200 ዶላር ይከፍላል። እኛ ከበራችን ያለውን በነጻ ለማየት አልነቃንም። ደግሞም ጨፋ አፋሩም ኦሮሞውም አማራውም ከብቱን በአንድ ውሃ የሚያጠጣበት ቦታ ነው። ውሃው ሲያንስ ጠቡ ይበዛል፤ ይህን ለመረዳት የግድ ጥናት ማንበብ የለብንም።

ሦስተኛውን ሥጋት እኔው ራሴ ነኝ የማነሣው። እኛ አገር «የዱር እንስሳ» ሲባል ወዲያው የሚታሰበው ማጠርና ሰው ማስወጣት ነው። የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ከስልሳ ዓመት ገደማ በፊት ሲመሠረት ከረዩዎችና አፋሮች የግጦሽና የውሃ ቦታቸውን አጥተዋል፤ ቅሬታው ዛሬም አልበረደም። ጨፋ ላይ ይህ እንዲደገም የሚፈልግ ካለ እኔ የለሁበትም። ከብት የሌለበት ጨፋ፣ ጨፋ አይሆንም።

ሌላ መንገድ እንዳለ ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም፤ ቀና ብሎ ከበላያችን ያለውን የመንዝን ደጋ ማየት ነው። የጓሳን ሣር የአካባቢው ሰው ቄሮ በሚባል ሥርዓት ለብዙ መቶ ዓመታት ራሱ ሲጠብቀው ኖሯል። ሣር የሚታጨድበትም፣ ከብት የሚገባበትም ጊዜ ነበረው፤ ጊዜው ሳይደርስ የገባ ይቀጣል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ቢያፈርሰውም ኋላ ላይ ሰዉ በኮሚቴ መልሶ አቋቋመው። ዛሬ ጓሳ ላይ ቀይ ቀበሮም ጭላዳም ይታያል፤ የአካባቢው ገበሬም ሣሩን ያጭዳል፤ ከእንግዳ የሚገኘውም ገቢ ለአካባቢው ይተርፋል። ሕጉን ያወጣው እዚያው የሚኖረው ሰው ስለሆነ ጠባቂውም እሱው ነው።

ጨፋም እንዲህ ሊሆን ይችላል። ስሙ ምክክር ነው ያልኳችሁ ለዚህ ነው። የሦስቱም ወገን ሽማግሌዎች፣ በሰብል የሚኖረው ገበሬም ጭምር፣ እዚያው መስኩ ላይ ቁጭ ብለው «ከዚህ ወዲያ ማረሻ አይግባ» የሚል ወሰን ይቁረጡ፤ ዞኑና ወረዳዎቹ ወረቀት ላይ ያስፍሩላቸው። የፋብሪካ ፍሳሽ ወንዝ ከመግባቱ በፊት ይጣራ የሚለው ሕግ አዲስ ሕግ አይደለም፤ የሚያስፈልገው ውሃውን በየወሩ መርምሮ ውጤቱን በአደባባይ የሚለጥፍ ተቋም ነው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴም ኮምቦልቻም ላይ ተማሪ አለው፤ ጨፋን ቤተ ሙከራው ቢያደርገው ማን ይከለክለዋል?

አንድ ነገር ግን ቢሮም በጀትም አይጠይቅም፤ መቁጠር ነው። በ1971 እ.ኤ.አ. ራምሳር በምትባል የኢራን ከተማ አገሮች የረግረግ መሬቶችን ለመጠበቅ የተፈራረሙበት ቀን፣ በእኛ ጥር 25፣ የዓለም የረግረግ መሬቶች ቀን ሆኖ ይከበራል። አገራችን ስምምነቱ ከተፈረመ በኋላ ለአሥርት ዓመታት ከውጭ ቆማለች። እኛ ከሚሴዎች ግን ያንን ቀን ለመያዝ የማንንም ፊርማ አንጠብቅም። በየዓመቱ ጥር 25 አካባቢ የከሚሴ ተማሪዎች ደብተር ይዘው ጨፋ ይውረዱ፤ ምን ዓይነት ወፍ፣ ስንት፣ የት እንዳዩ ይጻፉ። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፤ በ1996 እ.ኤ.አ. በአገሪቱ 69 ለወፎች ወሳኝ የሆኑ ቦታዎችን ዘርዝሮ መጽሐፍ ያሳተመ ማኅበር ነው። ልጆቹን የሚያሠለጥን ሰው ከዚያ አይጠፋም። አሥር ዓመት የተቆጠረ ደብተር ሲኖረን «ጨፋ እየሞተ ነው» ስንል ወሬ አይሆንም፤ ማስረጃ ይሆናል።

ሐረማያ ሐይቅ ሲደርቅ ያየን ትውልድ ነን። የሚያዋኝ፣ ዓሣ የሚገኝበት፣ ለከተሞች የሚጠጣ ውሃ የሚሰጥ ሐይቅ ነበር፤ እያየነው መሬቱ ተሰነጠቀ። ከዓመታት በኋላ ውሃው መመለስ ሲጀምር ስንት ሰው ተደሰተ! ግን ሁሉም ውሃ ሁለተኛ ዕድል አያገኝም። አባቶች «ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» የሚሉት ለዚህ ነው። ጨፋ ገና ርጥብ ነው።

የእህቴ ልጅ አዲስ አበባ ተመልሷል። ባለፈው ሳምንት ደውሎ ስለ ትምህርቱ ብጠይቀው አልፎት «አጎቴ፣ ያ ጯሂው ስሙ ታወቀ?» አለኝ። ታውቋል፤ ዓሣ የሚያድነው ነጭ ራስ ንስር ነው። ለመጪው ጥር ይመጣል፤ ሁለት የክፍል ጓደኞቹንም ልይዝ ነው እያለ ነው። እኔ ደግሞ ሽማግሌውን ፈልጌ አግኝቼ ልጆቹን ይዤ እንደምመጣ ነገርኳቸው። «አብሽር፣ ኑ» አሉኝ። «ግን ቶሎ ኑ።»

በዚህ መንገድ ደሴ የምትወጡ፣ አዲስ አበባ የምትወርዱ ወገኖቼ፣ ሰላም ሆኖ ስታልፉ ሹፌሩን ሃያ ደቂቃ ለምኑት። ውረዱና እዩ። ያላየነውን ነገር እንዴት «ይቅርብን» ብለን ልንሟገትለት እንችላለን?